የሚሲዮኑ ስልክ

እርጥብ ሱፍ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን እኔ ቆሜ እስበዋለሁ። ባለፈው ለባልደረባዬ ሰርግ ደብረ ብርሃን ሄጄ፣ ጠዋት ከሆቴል ወጥቼ ስዘዋወር፣ አንዲት ሴትዮ ያጠበችውን የሱፍ ባና አጥሯ ላይ ስታሰጣ ደረስኩ። ባናው ገና ውኃ ያንጠባጥባል። ቆምኩ። ሴትዮዋ ገልመጥ አደረገችኝና፣

«ምነው እቴ? የሚሸጥ አይደለም» አለችኝ።

«አይ፣ ሽታው ነው» አልኳት።

«ሽታው ምን ሆነ? በእንዶድ ነው ያጠብኩት!»

እንዴት ብዬ ላስረዳት። ይቅርታ ጠይቄያት ሄድኩ። እግሬ የሚሄድበትን ከእኔ በላይ ያውቅ ኖሮ፣ ሳላስበው የድሮ ሰፈሬ ደረስኩ። ሚሲዮን ጀርባ ይባላል። ስሙ እንዳለ ነው፤ ሚሲዮኖቹ ግን የሉም። ክሊኒክ የነበረው ክፍል ፑል ቤት ሆኗል፤ ጎረምሶች እየተሰዳደቡ ይጫወቱበታል። ጸሎት ቤቱ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ሳይ አንዱ «እናት፣ ሰው ፈልገሽ ነው?» አለኝ። እናት! እሺ ይሁን።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያወሩ እንደነበረው፣ መጀመሪያ የመጡት ባልና ሚስት ፈረንጆች ናቸው። በሬሳ ከሚባለው ወንዝ ዳር፣ ማንም ቤት የማይሠራበት ረግረግ መሬት ተሰጣቸው። ዙሪያውን የሰፈረው ከገጠር የፈለሰ ደሃ ነው፤ እንጨት ሻጩ፣ ጠላ ሻጯ፣ ሱፍ ፈታዩ፣ ቁስሉን ይዞ የሚለምነው። ሚስትየዋ ቁስል ታጥባለች፤ ባልየው ፊደል ያስቆጥራል፤ ከዚያ ይሰብካል። የሰፈሩ ሰው ቁስሉን አሳጥቦ፣ ልጁን አስቆጥሮ፣ ስብከቱ ሊጀመር ሲል ውልቅ ይላል። እነሱም ግድ የላቸውም፤ በማግሥቱ ደግሞ ያጥባሉ። በደርግ ጊዜ ግቢው ተወርሶ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆነ፤ ደርግ ሲወድቅ ተመለሰላቸው። እኔ የማውቀው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ያን ጊዜ ክሊኒክ ነበር፣ ለሕፃናት ወተት የሚታደልበት ክፍል ነበር፣ ሴቶች ሱፍ እያጠቡና እየፈተሉ ሹራብ የሚሠሩበት አዳራሽ ነበር። ስልክም ነበር።

ለእኔ ሚሲዮን ማለት ስልኩ ነው።

እናቴ ወይንሸት ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አባቴ ሳልወለድ የሞተ ወታደር ነው፤ ስለዚህ ስትሄድ ለእህቷ ተወችኝ። አክስቴ ብርቅነሽ ትባላለች፤ እኔ እቴቴ ነው የምላት። አግብታ የፈታች፣ ልጅ ያልወለደች፣ ቁመቷ አጭር ምላሷ ረጅም ሴት ነበረች። ሥራዋ ሚሲዮኑ አዳራሽ ሱፍ ማጠብ ነው። እጇ እስከ ክርኗ ቀይ ነበር። ነጠላዋ፣ አልጋችን፣ የእኔ ፀጉር ሳይቀር እርጥብ ሱፍ ይሸታል።

እናቴ የምትደውለው እሑድ ጠዋት፣ አሠሪዎቿ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱላት ነው። በሰፈራችን ስልክ ያለው ሚሲዮኑ ብቻ ነበር። በየትኛው እሑድ እንደምትደውል ስለማናውቅ ደግሞ በየእሑዱ እንሄዳለን። በጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንገባለን፤ ቅዳሴው ሳያልቅ እቴቴ እጄን ትይዝና በሴቶቹ መሀል እየተሹለኮለክን እንወጣለን። ከዚያ ሚሲዮን። ቢሮው ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ከጸሎት ቤቱ ጭብጨባ ይሰማል። እቴቴ ጭብጨባውን ላለመስማት ይመስል ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትጠቀልላለች።

ስልኩ የጮኸ ዕለት ግን የምለው ይጠፋኝ ነበር።

«ፀዳለ፣ እናቴ፣ በላሽ?»

«አዎ።»

«ምን በላሽ?»

«ሽሮ።»

«አደግሽ?»

ወደ ታች እግሬን አይና «አዎ» እላለሁ። ድምፁ እንደ ጉድ ይንኮሻኮሻል፤ ይቋረጣል። ወደ ቤት ስንመለስ ልነግራት የነበረው ሁሉ ተራ በተራ ይመጣልኛል፤ ጥርሴ መውለቁ፣ ሁለተኛ ክፍል መግባቴ፣ የጎረቤታችን ዶሮ ጫጩት መፈልፈሏ። በሚቀጥለው እነግራታለሁ እያልኩ በሆዴ እይዘዋለሁ።

የሚሲዮኑ ኃላፊ ሲስተር ሩት የምትባል ነርስ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸበቶ። አማርኛ የተማረችው ከመጽሐፍ ስለሆነ ለሁሉም ሰው አክብሮት ታበዛለች። «እርስዎ ዛሬ ወተት ጠጡ?» ትለኛለች። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው! በዕድሜዬ እርስዎ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ስትለኝ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። አንድ ጊዜ ከአገሯ ዕረፍት ተመልሳ ስትመጣ «እናቴን አገኟት?» አልኳት። አላገኘኋቸውም አለች። «አገሬ ሩቅ ነው፤ ቤሩትም ሩቅ ነው» አለችኝ። ሁለቱም ሩቅ ከሆነ አንድ ቦታ ነው እንጂ! ከእናቴ ጋር ተጣልታ ነው የደበቀችኝ ብዬ ብዙ ቀን ተቀየምኳት።

ክፉው ነገር የጀመረው መስከረም ላይ የእቴቴ ማተብ ሲበጠስ ነው። ፈላ ባለው ውኃ ውስጥ ሱፉን ስታገላብጥ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ኖሮ፣ ማተቧ ከሱፉ ጋር ተጠላልፎ ክሩ ብጥስ። መስቀሏን ከገንዳው ፈልጋ አወጣች፤ መሀረብ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። «ክር ገዝቼ፣ የንስሐ አባቴ ባርከውልኝ አስረዋለሁ» አለች። ከዚያ ዛሬ ነገ ስትል ጥቅምት መጣ።

እቴቴ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር የማርያም ማኅበር ትጠጣ ነበር። የጥቅምቱ ተራ የእትዬ ዘነበች ነበር። እትዬ ዘነበች ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር ጎረቤታችን ናት። በመሀላችን ያለው አጥር ቀዳዳ ነበረው፤ እሳት፣ ጨው፣ ወሬ፣ እኔና ልጇ ሰናይት የምንተላለፍበት። የዚያን ዕለት እቴቴ ጽዋውን ልትቀበል ጎንበስ ስትል ነጠላዋ ተንሸራተተ። የሁሉም ዓይን አንገቷ ላይ ቆመ። እኔና ሰናይት ጥግ ይዘን ንፍሮ እየበላን ነበር፤ እኛም ማኘክ አቆምን።

«ብርቄ» አለች እትዬ ዘነበች። «ማተብሽስ?»

እቴቴ መልስ ሳትሰጥ፣ ከወዲያ ጥግ አንዷ «ቅዳሴ ጥላ የምትሮጠው ለካ ለዚህ ነው፤ ሚሲዮኖቹ አስበጠሷት» ስትል ተሰማ። የእቴቴ ፊት ሲቀላ አየሁት።

«ማተቤን ያሰርኩት ለማርያም ነው ለእናንተ?» አለች። ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ተመልሳ መጣችና ጽዋውን በጨርቁ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። «የኅዳር ጽዮን ተራ የእኔ ነው!» ብላ እጄን ይዛ ወጣች። ወይ እቴቴ! እንዲህ ናት።

መንገድ ላይ፣ «ለምን በሱፉ ነው የተበጠሰው አላልሻቸውም?» አልኳት።

«ዝም በይ! ጠይቀውኝ ነው?»

«እትዬ ዘነበች ጠይቃሻለች እኮ።»

«ጥያቄ መሰለሽ እሱ? ፈርደው ጨርሰው!»

በማግሥቱ ክር ገዝታ ብታስር ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። እሷ ግን እልህ ያዛት። አሁን ባስር እነሱን ፈርቼ ያሰርኩ ይመስላቸዋል አለች። መሀረቡ እንደተቋጠረ ሣጥን ውስጥ ገባ።

በሳምንቱ የአጥሩ ቀዳዳ በእሾህ ተደፍኖ አገኘሁት። «ሰናይት!» ብዬ ተጣራሁ። ድምጿን ሰማሁት፤ ከዚያ እናቷ «ግቢ ወደ ቤት» ስትላት ሰማሁ። እኔም እሾሁ ጋ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ቅልልቦሽ መጫወት ጀመርኩ። በቀኝ እጄ እኔ ነኝ፤ በግራ እጄ ሰናይት ናት። ግራዬ ደካማ ስለሆነ ሁልጊዜ አሸንፋታለሁ፤ አንዳንዴ ታኩርፍብኛለች ብዬ እሸነፍላታለሁ። ትምህርት ቤት «ጴንጤ» ይሉኝ ጀመር። ምን እንደሆነ አላውቅም። ከሱፉ ሽታ የሚመጣ በሽታ መሰለኝና የእቴቴን እንዶድ ወስጄ ቆዳዬ እስኪላጥ ታሸሁ። በማግሥቱም ጴንጤ አሉኝ። ብቸኝነት እንደዚያ ዓመት በልቶኝ አያውቅም።

አንድ ቀን የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ባሻ ክፍሌ መጡ። አልገቡም፤ ደጃፍ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ብርቄ፣ ልጄ፣ ሥራውን ተይው። እሑድ እሑድ እዚያ መመላለሱን ተይው። እኔ ሴቶቹን አስታርቃለሁ።»

«ስልኩንስ? ይቺ ልጅ እናቷን በምን ታናግር?»

«ቴሌ አለ አይደል?»

«እህቴ ቴሌ አትደውልም፣ ባሻ! ያላት ቁጥር የሚሲዮኑ ነው፤ የምታገኘው ሰዓት የእሑድ ነው።»

ባሻ እኔን አዩኝ። ከዚያ «እንግዲህ ልጄ፣ ቀን የመጣ ዕለት ሰው ያስፈልግሻል። ዕድሩ አንቺን አይቆርጥም፤ የሰው እግር ግን በትእዛዝ አይመጣም» አሉና ሄዱ። እቴቴ እስኪርቁ ጠብቃ «ይቅርብኝ!» አለች። ቤት ገብታ ግን ጓዳ ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። እቴቴ ጠላ ጠመቀች፤ ድፎ ዳቦ ደፋች፤ ከወንዝ ዳር ሣር አጭዳ ጎዘጎዘች። ጽዋውን መሀል አስቀመጠችው። «ይመጣሉ» አለችኝ። «በእኔ ቢኮራረፉ በማርያም አይኮራረፉም።» አዲስ ቀሚስ አለበሰችኝና በር ላይ አቆመችኝ፤ ሲመጡ እንድነግራት።

አልመጡም። ሣሩ ጠወለገ። አንድ ሰው ብቻ መጣ፤ የሚሲዮኑ ዘበኛ ጋሽ አጥላው፤ እሱም የሰፈራችን ሰው ነው። ማኅበሩ የሴቶች ቢሆንም የዳቦ ቁራሽ ተቀብሎ ቆሞ በላ፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። «አይዞሽ ብርቄ፤ ሰው ነው፤ ይበርድለታል» አላት። እቴቴ ጠላ ቀዳችለት። ሲመሽ በሩን ዘጋችና ከእኔ ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጽዋውን ራሷ ቀምሳ እኔንም አቀመሰችኝ። በማግሥቱ አንዲት ልጅ ተልካ መጥታ ጽዋውን ይዛ ሄደች። ዳቦውን ሳምንት ሙሉ በላነው፤ መጨረሻ ላይ በሻይ እየነከርን።

በሚቀጥለው እሑድ ስልኩን ስንጠብቅ እቴቴ ድንገት ተነሣችና ጸሎት ቤቱ ገባች። እኔም ተከተልኳት። በእልህ ነው፤ በብቸኝነትም ነው። ሰዎቹ ፈገግ ብለው ቦታ ለቀቁልን። ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፤ እኔ ብቻ ገልጬ ግድግዳውን አያለሁ። የማርያም ሥዕል የለም። ዞሬ ፈለግሁ፤ የለም። ሲወጡ ሲስተር ሩትን ቀሚሷን ይዤ «እናታችሁ የት ናት?» አልኳት።

«እናቴ?» አለች። «ሞተዋል። ብዙ ዓመት ሆናቸው።»

ለካ ለዚህ ነው ዓይናቸውን የሚጨፍኑት! አንጀቴን በሉት። ከዚያ ቀን ወዲያ ሲስተር ሩት ላይ የነበረኝ ቂም ሁሉ ጠፋ።

እቴቴ መንገድ ላይ፣ «ደጎች ናቸው» አለች። «ደጎች ናቸው፤ ግን ሆዴ አልገባም። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግዜርን ማናገር! አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኛል?» አባቷ፣ ማለት አያቴ፣ ጎረቤላ ከምትባል የገጠር ከተማ አጠገብ ቄስ ናቸው። «እዚያ ጴንጤ ነሽ ይሉኛል፤ እዚህ እንግዳ ነኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩልሽ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላማረኝም። ወደ ጸሎት ቤቱ ሁለተኛ አልገባንም።

ያን ሰሞን ማርያምን የምለምናት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ ትምጣ አልልም፤ እሷ ኮንትራቷ ሲያልቅ መምጣቷ የማይቀር ነው። ሰፈሩ ይምጣልን ነበር የምለው።

ታኅሣሥ ገባ። የደብረ ብርሃን ውርጭ የታወቀ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ባሻ ክፍሌ ከሚሲዮኑ በር ሲወጡ አየሁ። ባሻ! ያን በር አልፈው የማያውቁት ባሻ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ሲስተር ሩት አጠገባቸው ናት፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። ጋሽ አጥላው እንደ ወትሮው «ጤና ይስጥልኝ እመቤት» ብሎ አልቀለደብኝም፤ ብድግ አድርጎ ሳመኝና አወረደኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለእቴቴ ነገርኳት።

«ባሻና ሲስተር ታረቁ!»

«ምን ታውቂና ነው? ዝም በይ» አለች፤ ግን ሥራዋን አቁማ አሰበች።

በማግሥቱ የአጥሩ እሾህ ተነሥቶ አገኘሁት። እትዬ ዘነበች በቀዳዳው አንገቷን አውጥታ «ፀዱዬ፣ ነይ እስቲ፤ ሰናይት ትፈልግሻለች» አለችኝ። ፀዱዬ! ሮጥኩ። ዳቦ ቆሎ በእፍኟ ሰጠችኝ፤ ደጋግማ ሳመችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሽንኩርት እየላጥኩ ነው አለችኝ፤ ሽንኩርት ግን አላየሁም። ከጓዳ የሰው ሳል ተሰማ። የአያቴ ሳል መሰለኝ፤ ግን አያቴ ጎረቤላ ናቸው፤ እንዴት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ከሰናይት ጋር እስኪመሽ ቅልልቦሽ ተጫወትን። እጇ ከግራ እጄ በጣም ይበልጥ ነበር፤ ደጋግማ አሸነፈችኝ፤ ደስታዬን አልችለውም።

ያን ማታ እቴቴ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣ «ሰዎቹ ለገና ሊታረቁን ነው መሰል» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ነገሩ እንዳይሸሽባት የፈራች ትመስላለች። «ዘነበች ዛሬ ውኃ ስቀዳ እንስራዬን አሸከመችኝ እኮ። እንደምን ነሽ ብርቄ አለችኝ። ጠላ ልጥመቅ እንዴ?»

«ጥመቂ!» አልኳት።

ሣጥኑን ከፈተች። መሀረቡን ፈታች። ለእኔ ፀጉር የገዛችውን ጥቁር ክር ገምዳ መስቀሏን አስገባችበትና አንገቷ ላይ አሰረችው። «የንስሐ አባቴ በኋላ ይባርኩታል። እኔው ልቅደማቸው፤ ምን ይጎድልብኛል?» አለች። ፊቷ ፈክቶ ነበር። ከመስከረም ወዲህ እንደዚያ ሆና አላየኋትም።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እቴቴ ገና ቀሚሷን እየለበሰች ነው፤ እኔ ቀድሜ ከፈትኩ። ግቢያችን ሰው ሞልቷል። ባሻ ክፍሌ ከፊት ናቸው። እትዬ ዘነበች አለች፤ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉም አሉ፤ ያቺ ከጥግ የተናገረችው እንኳን አለች። አያቴ መሀል ቆመዋል! ከኋላ፣ ከሁሉም በላይ ረዝማ፣ ሲስተር ሩት ነጠላ ለብሳ ቆማለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ አንገታቸው ሥር ነው። በጨለማ ስለለበሱ የተሳሳቱ መሰለኝ።

«እቴቴ! መጡ! ሁሉም መጡ!» ብዬ ጮህኩ።

ዱካዋን እየጎተትኩ ወጣሁ። «አባባ፣ ይቀመጡ! እትዬ ዘነበች ግቢ፣ ግቡ!» እላለሁ፤ እንደ ባለቤት። ማንም አልተቀመጠም፤ ማንም አልገባም። እትዬ ዘነበች የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። እኔ ደግሞ ሌላ ዱካ ላመጣ እሮጣለሁ።

እቴቴ መቀነቷን እያሰረች፣ ፈገግ እንዳለች በሩ ላይ ብቅ አለች። ፈገግታው ትንሽ ቆየ። ሰዎቹን አየች። ነጠላቸውን አየች። አባቷን አየች።

«አባባ» አለች። «ወይንሸት ናት?»

አያቴ ፊታቸውን አዞሩ። ባሻ ክፍሌ ናቸው የመለሱላት። «ብርቄ፣ ልጄ፣ በርቺ። እህትሽን አጥተናታል» አሉ። እቴቴ ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሣ ሴቶቹ ቀድመው ደረሱ። መሬት ሳትነካ ያዟት። እትዬ ዘነበች ከወገቧ፣ ያቺ የጥጓ ሴትዮ ከክንዷ። ጩኸቱ ሰፈሩን ሞላው። እኔ ዱካዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እንዴት እንደሆነ የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጋሽ አጥላው ነው። ስልኩ የጮኸው በሥራ ቀን ነበር፤ የደወለችው እዚያው ቤሩት የምትሠራ የእናቴ ጓደኛ ናት። እናቴ ታማ ነው የሞተችው። ሲስተር ሩት ስልኩን ዘግታ፣ እያለቀሰች፣ እቴቴን ከገንዳው ልትጠራ ተነሣች። በእሷ አገር ደግነት ማለት ወዲያው መንገር ነው። ጋሽ አጥላው በሩ ላይ ተደቀነ። «ሲስተር፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ! መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ይሰብሰብ፤ ሰፈሩ ይምጣ፤ በማለዳ ነው። ብቻዋን ትወድቅብናለች» አላት። «እህታቸው ሞተው እሳቸው ሱፍ ያጥባሉ? እኔስ እያየኋቸው?» ብላ ተቆጣች። ሲያቅተው ሮጦ ሄዶ ባሻን አመጣቸው። ባሻ ያን በር ያለፉት ለዚህ ነው። ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ሲስተር ሩት እሺ አለች። ከዚያ አያቴ ከጎረቤላ እስኪመጡ፣ እቴቴ ሱፏን ስታጥብ ግቢው በሙሉ እያወቀ ዝም አለላት። ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ ዝም አለላት። ሲስተር ሩት በእነዚያ ቀናት አዳራሹ በር ላይ መጥታ ትቆምና ሳትገባ ትመለስ ነበር አለኝ።

ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ወንዶቹ አግዳሚ አመጡ፤ ሴቶቹ እንጀራ በሞሶብ ይዘው መጡ። ሲስተር ሩት ጫማዋን አውልቃ ከሴቶቹ መሀል መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ረጅም እግሯን የምታደርግበት አጥታ ስትቸገር እትዬ ዘነበች ገፋ ብላ ቦታ ሰጠቻት። የእቴቴን አንገት ያየ፣ ስለ ማተብ ያነሣ ሰው የለም። እቴቴ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። በየመሀሉ ቀና ትልና ቤቱን የሞላውን ሰው ታያለች፤ እንደገና ታለቅሳለች።

ለእኔ የነገረኝ የለም። ለልጅ መርዶ አይነገርም። እየተቀባበሉ ይስሙኛል፤ ያጎርሱኛል፤ «እኔን!» ይሉኛል። እናቴ ታማለች ብዬ አሰብኩ። ስትድን ትደውላለች፤ ስለ ጥርሴ እነግራታለሁ። ደግሞም ለማዘን ጊዜ አላገኘሁም። ሰናይት ከእጄ አልተለየችም። ያን ሁሉ ወር ጴንጤ ሲሉኝ የነበሩት ልጆች ድንኳኑ ውስጥ አብረውኝ ተሯሯጡ። ቤታችን እንደዚያ ሞቆ አያውቅም።

ሲመሽ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈ። ሴቶቹ ለእቴቴ ሊያድሩላት በረድፍ ጋደም አሉ። እኔን እትዬ ዘነበች እቅፏ ውስጥ አስተኛችኝ፤ ሰናይት በወዲያ በኩል ናት። ነገ ጠዋት ስነቃ ሁሉም ሄደው ባገኝስ ብዬ ፈራሁ። እንቅልፌን እየታገልኩ ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ።

«እትዬ ዘነበች፣ እናቴ እስክትመጣ ትቆያላችሁ?»

 አጥብቃ አቀፈችኝ።

«እንቆያለን የኔ ልጅ» አለችኝ። «እንቆያለን።»

ደስ ብሎኝ ተኛሁ።